ጠበል የጠማው ማሽን

ባለቤቴ ገብረመድኅን ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስቆጣ እንዳይረሳብኝ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ጾም አይሽርም። ልጅ እያለ የድቁና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ አባቱ ወደ ንግድ ጎተቱትና ትምህርቱ ቀረ፣ ድቁናው ግን ከውስጡ አልወጣም። ሌላው ሰው አንድ ዕቃ ሲያይ "ስንት ነው?" ይላል። የኔ ሰው "ይፈቀዳል?" ይላል።

ጁባ ከተማ፣ ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከኮንቴይነር የተሠሩ ክፍሎች ያሏት ሆቴል አለችን። ነገሩ የሆነው አገሪቱ ለመገንጠል ድምፅ ከሰጠችበት ሕዝበ ውሳኔ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ያኔ ጁባ በእንግዳ ተጨናንቃ ነበር፤ ፈረንጁም ኬንያዊውም የኛም ሰው አልጋ ፍለጋ ይዞራል። አልጋ ካለ አንሶላ አለ፣ አንሶላ ካለ የሚያጥበው ሰው አለ። አጣቢ ስቀጥር እጇ ሥራ ለመድ ሲያደርግ የኤንጂኦ ግቢ ይወስድብኛል። ስለዚህ አጣቢዋ አልጣሽ ነበረች፤ አልጣሽ ማለት እኔ ነኝ።

የጁባ ውኃ ከናይል በቦቴ ተቀድቶ የሚመጣ፣ ቀለሙ ሻይ የመሰለ ውኃ ነው። በሱ አንሶላ ለማንጣት ሳሙና ማብዛት ግድ ነው፤ ሳሙና ሲበዛ ደግሞ እጅ ይበላል። ጣቶቼ ተሰነጣጠቁ። መጀመሪያ መርፌ መያዝ አቃተኝ፣ ከዚያ ጸጉሬን መሥራት፣ በመጨረሻ ሰው ሲጨብጠኝ ክርኔን መስጠት ጀመርኩ። ክሊኒክ ብሄድ ሐኪሙ "ውኃና ሳሙና አትንኪ" አለኝ። ሆቴል ላላት ሴት እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጥ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከክሊኒኩ ወጥቼ ግን አለቀስኩ። ገብረመድኅን ማታ ማታ እጄን እያየ "እግዜር ይማርሽ" ይለኛል። አሜን እላለሁ። ግን እግዜር ይማርሽ አንሶላ አያጥብም።

በመጨረሻ ካስተም ወደሚባለው ገበያ ወርጄ ጫኔ የሚባል ነጋዴ ዘንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ። ጫኔ ዕቃውን ከካምፓላ በጭነት መኪና ያስመጣል፤ ምላሱ የማያርፍ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። "እትዬ አልጣሽ፣ መኪናዬ ቅዳሜ ወደ ካምፓላ ይመለሳል፤ ካልሠራልሽ በርሽ ላይ ቆሜ ጭኜው እሄዳለሁ" አለኝ። ገብረመድኅንም ይህንኑ ያዘ። ከሠራ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ድረስ ካልሠራ ይመለሳል፣ ሁለተኛም በዚህ ቤት የማሽን ወሬ አይነሳም። በዚህ ተስማማን። እንግዲህ ማሽኑ እንቢ ካለ እኔ በተሰነጣጠቀ እጄ ወደ ሳፋዬ እመለሳለሁ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ግርግር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች ነገር ላይ ነው።

ማሽኑ የገባው በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ረቡዕ ነበር። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የመጡት ቄስ መልከጼዴቅ ገና አልተመለሱም። እኛ ቤት ደግሞ አዲስ ዕቃ ሳይባረክ አይነካም፤ ሽሮ ምሳቸውን አቀረብንና ቡራኬውን ለመንናቸው። ማሽኑን ረጩት። በዚያው ፍሪጁንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ጄኔሬተሩንም ረጩ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ጠፋ፣ ከዚያ ተነሣ።

"አባ" አለ ገብረመድኅን፣ "ማሽን የሚሠራው እኮ በውስጡ ነው። ከላይ ቢረጭ ውስጡ ምን ያገኛል?"

"ምን ይሁን ትላለህ?"

"ሮቶውን ቢባርኩልን፣ የሚገባበት ውኃ ሁሉ የተባረከ ይሆን ነበር።"

ሮቶው የግቢያችን ሁሉ ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቁ ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር ነው። ቄሱ ደስ አላቸው፤ በልቶ የተደሰተ ሰው የማይፈቅደው ነገር የለም። ወንበር ቀረበላቸው፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ረጅም ጸሎት አደረሱ፣ መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩ። እኛም አሜን አልን። ሮቶ ሙሉ ውኃ ጠበል ሆነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላችን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔ የማስበው ስለ አንሶላዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጄኔሬተር ጠጋኙ ማስረሻ መጣ። ማስረሻ ጄኔሬተር ስለሚያውቅ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። የውኃ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አጋጠመ፣ እኔ አንሶላዎቹን ከትቼ በሩን ዘጋሁ፣ እሱ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ መብራቱን አበራ፣ እንደ መነኩሴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ ቲጥ ቲጥ ማለት ጀመረ፤ ፊቱ ላይ የቧንቧ ሥዕል ብልጭ ድርግም ይላል።

ማስረሻ የመመሪያውን መጽሐፍ ገልጦ እየተረጎመ አነበበልኝ። "ማሽኑ ውኃ አልወስድ ካለ፣ ቧንቧው መከፈቱን ያረጋግጡ።" አረጋገጥን፣ ክፍት ነው። "ጎማው አለመታጠፉን ይመልከቱ።" ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስነው፣ ቀጥ ብሏል። "በመግቢያው ያለችውን ወንፊት ያጽዱ።" ነቅሎ አወጣት፤ ጥርስ እንዳላወጣች ሕፃን ንጹሕ ናት። ማስረሻ ጆሮውን የማሽኑ ሆድ ላይ ለጠፈና "ባዶ ነው" አለኝ፣ እኔ ያላወቅሁትን እንደነገረኝ ሁሉ። "በመሥመሩ ውኃ መኖሩን ያረጋግጡ" ሲል ጎማውን ፈታሁና ቧንቧውን አየሁት። አንድ ጊዜ አሳለና ዝም አለ። የወጥ ቤቱም ዝም። ይህን ጊዜ የሦስተኛው ክፍል እንግዳችን፣ የመንገድ መሐንዲሱ፣ ፊቱ በመላጫ አረፋ እንደተሸፈነ ብቅ ብሎ "ውኃ የለም እንዴ?" አለ።

እንዴት አይኖርም? ሮቶው ሙሉ ነው። ጓሮ ዞርኩ።

ገብረመድኅን ነጠላውን አጣፍቶ ሮቶው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሮቶው መዝጊያ ተቆልፎ በነጭ ጨርቅ ታስሯል።

"አንተ ነህ የዘጋኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"አልጣሽ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንደሞተበት ሁሉ፣ "ሽንት ቤቱም የሚቀዳው ከዚሁ ሮቶ ነው።"

ለካስ ገብቶ ማፍሰሻውን ሊስብ ሲል ነው ትዝ ያለው። እጁ እዚያው ቀረ፤ ሳይስብ ወጥቶ በቀጥታ መዝጊያውን ዘጋ። ሳፋዬን ይዤ ቢሆን ራሱ ላይ እደፋው ነበር። ግን ምን ሞልቼ?

"ክፈተው" አልኩት።

"በጠበል የእንግዳ የውስጥ ሱሪ ይታጠባል? አንቺ ራስሽ መልሺልኝ።"

"ታዲያ እንድፋው፣ ሌላ ውኃ ይምጣ።"

"ጠበል በከንቱ ሰው በሚረግጥበት አይደፋም።"

ማስረሻ መጽሐፉን ከኋላዬ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ካየ በኋላ "ይሄኛው ምክንያት የለበትም" አለ። እኔም ለዚያ ፋብሪካ አዘንኩለት። ማሽኑ ውኃ የማይወስድበትን ምክንያት ሁሉ የዘረዘሩ መስሏቸው ነው እኮ ያሳተሙት።

በዚያን ቀን ሆቴላችን እንዴት እንደዋለ ብናገር ማን ያምነኛል? እንግዶቹ በውኃ እጦት ሲጮሁ ከፊት ለፊቱ ሱቅ የታሸገ ውኃ በካርቶን አስመጣን። ከዩጋንዳ ድረስ የመጣ ንጹሕ የምንጭ ውኃ በየሽንት ቤቱ ሲደፋ፣ ጭቃው የናይል ውኃ ነጠላ የለበሰ ዘበኛ ተቀምጦለት ዋለ። መሐንዲሱ የታሸገው ውኃ እስኪመጣ አልታገሠም፣ አረፋውን በለስላሳ ነው የታጠበው፤ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲከተለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ገብረመድኅን መላ አገኘ። ጠበል የሚያልቀው ሲጠጣና ሲጠመቁበት ነው፤ ስለዚህ ወገን ይጠራ፣ ይጠጣ፣ ይጠመቅ፣ ሮቶው ባዶ ሲሆን ታጥቦ ሌላ ውኃ ይሞላል። እውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብልህ ሆነልኝ። ስልክ መታሁ፣ ለማውቀው ሁሉ ነገርኩ። እኩለ ቀን ሳይሆን ግቢው ሞላ። የሌላ ሆቴል ባለቤቱ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የግንበኛው ሚስት፣ ወገቧን የሚያማት፣ ንግድ የቀዘቀዘበት፣ ቪዛ የዘገየበት፣ ሁሉም ባዶ ሆዱን መጣ። የጎረቤት ሰዎችም ተሰለፉ፤ በበጋ ውኃ በነጻ የሚታደልበት ግቢ ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም። ቄስ መልከጼዴቅ በጆግ እየቀዱ ያጠምቃሉ፣ ገብረመድኅን ተራ ያስጠብቃል። ከተጋባን እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሮቶውን በጣቴ አንኳኳሁት፤ እስከ ታች ድረስ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ታች ጥቂት ቀርቷል፣ ከሰዓት ያልቃል። ደስ ብሎኝ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ የሉቃስ ቦቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ ወፍራም የውኃ ጎማው ሮቶው ውስጥ ገብቷል፣ ሮቶው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሉቃስ አዲስ አበባ ያደገ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ እናቱ ይዛው ሸሽታ አማርኛን ከኛ በላይ የሚያሳምር ሆኖ ተመለሰ። ውኃ የሚያመጣልን እሱ ነው፤ ውኃን ግን በአገሩ ዓረብኛ "ሞያ" ይለዋል። ሲያየኝ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

"ማማ አልጣሽ፣ ሞያው ሊያልቅ ደርሶ ደረስኩልሽ። ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ሞያ ማፊ፣ ውኃ የለም ሊባል ነው? ነውር ነው።"

"ሉቃስዬ፣ እንዲያልቅ ነበር እኮ የምንፈልገው።"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሰኞም እመጣለሁ።"

ገብረመድኅንን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ጠበል ሳያልቅ ውኃ ከተጨመረበት የተጨመረውም ጠበል ነው፤ ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እናቴም ከገዳም ያመጣችውን አንዲት ጠርሙስ እንዲሁ እያበዛች ዓመት ትጠጣ ነበር። ስለዚህ እንደገና ሙሉ ሮቶ ጠበል አለን። በሌላ ዕቃ ሌላ ውኃ ላስቀዳ እንዳልል፣ በርሜሉንም ጀሪካኑንም ሕዝቡ ጠበል ሞልቶ ወስዶታል። የቀረኝ ሳፋዬ ብቻ ነው፤ እሱን ማየት አልፈለግሁም።

ወደ ቄሱ ሄድኩ። "አባ" አልኳቸው፣ "ማክሰኞ ለጥምቀት ወደቡ ዳር ናይልን ባርከዋል አይደል?"

"በሚገባ።"

"ሉቃስ የሚቀዳው ከወደቡ በታች ነው። እንግዲህ እሱ የሚያድለው ሁሉ ጠበል ነው፣ የጁባ ሰው በሙሉ በጠበል እግሩን እየታጠበ ነው። እኔ ብቻ ምን አጠፋሁ?"

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። "ናይል ይሄዳል፣ ልጄ። በረከቱንም ይዞ ይሄዳል። ያንቺ ሮቶ ግን ቆሟል።"

ለመሟገት ከባልሽ ይልቅ ቄስ ይከብዳል፤ ባልሽ ቢያንስ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ በረንዳ ተቀምጬ እጄን ቅባት ስቀባ ገብረመድኅን አጠገቤ ተቀመጠ። "እጅሽን ለምን ጠበሉን አታስነኪውም?" አለኝ። "ሰው ከየት ከየት መጥቶ ሲጠመቅ አንቺ በንዴት ራቅሽ። ለበሽተኛ እኮ ነው የተሰጠው።"

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ለበሽተኛ ከሆነ ይፈቀዳል?"

"ለማን ሊሆን ኖሯል?"

በማግስቱ ማለዳ ማስረሻን ጠርቼ ማሽኑን የሲሚንቶ ጋሪ ላይ አስጫንኩት። አንሶላዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። እየገፋን ጓሮ ወስደን ሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆምነው። አንዲት ነጭ የለበሱ አሮጊት ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይሄም ሊጠመቅ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"ተራውን ይጠብቅ" አሉና ተመለሱ።

ጠበቀ። እኔም አብሬው ቆምኩ። ፀሐዩ ሲከር አንዷ ሴት ጃንጥላ ዘረጋችለት፤ ለማን እንደዘረጋች አልጠየቅኋትም። ተራው ሲደርስ ቄስ መልከጼዴቅ ጆጋቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"አልጣሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"በሽተኛ ነው አባ። ሆዱ ውኃ አልቀበል ብሎታል።"

"ማሽን ነፍስ የለውም፣ ልጄ።"

"ጄኔሬተሩም የለውም አባ፤ ረጭተውታል።"

ቄሱ ማሽኑን ዞሩት። "ቀምሷል?" አሉ በመጨረሻ።

"ከካምፓላ ከተነሣ ጀምሮ አንድም ነገር አልቀመሰም።"

"ውስጡ ያለው ምንድን ነው?"

"ልብስ ነው። ሰው ጠበል የሚገባው ልብሱን ለብሶ አይደል?"

"ልብሱ ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ቢሆንማ ለምን መጣ አባ?"

ጢማቸው ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት ይሁን ሳቅ ዛሬም አላውቅም። ፍርዱን ግን ከራሳቸው አወረዱት፤ "ሮቶው ያንተ ነው፣ ገብረመድኅን። አንተ ምን ትላለህ?"

ገብረመድኅን ማሽኑን አየ፣ ሮቶውን አየ። "ሳሙና አይገባበትም" አለ። "የሚወጣውም ውኃ ጓሮ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ይፍሰስ፣ ዙሪያውን በድንጋይ እናጥረዋለን፣ ማንም እንዳይረግጠው።" ከዚያም በገዛ እጁ ነጩን ጨርቅ ፈታ። ማስረሻ የኤሌክትሪክ ገመድ እስከ ጓሮ ሳበ፣ ጎማውን ከሮቶው ጋር አጋጠመ፣ ቁልፉን ተጫነ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ከዚያ ውኃ ሲገባ ሰማሁ፣ አንድ ጉንጭ ያህል። ቆመ። ቲጥ ቲጥ ማለት ጀመረ፤ ቧንቧዋ ብልጭ ድርግም አለች።

ሰልፉ በሙሉ አማተበ። ጠበል ሲነካው የሚጮህ ምን እንደሆነ ከኛ መካከል የማያውቅ የለም። አሮጊቷ ጠጋ ብለው ማሽኑን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "ማነህ? ተናገር፣ ስምህ ማነው?"

"ግፊት ነው እማማ" አለ ማስረሻ አጎንብሶ ጎማውን እያየ። "የውኃ ግፊት ነው። ሮቶው መሬት ላይ ስለተቀመጠ ውኃው ወደ ላይ የሚገፋበት ጉልበት የለውም።"

"ስሙ ግፊት ነው አለ" የሚል ወሬ እስከ ሰልፉ ጫፍ ሄደ። አንዳንዱ ልጁን አቅፎ ወደ ኋላ አለ።

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ላይ የጭነት መኪና ጥሩንባ ተነፋ። ጫኔ ገባ፣ ከኋላው ሁለት ተሸካሚዎች። ጋሪውን፣ ሰልፉን፣ ቄሱን አየና ወደ እኔ ዞረ።

"እትዬ አልጣሽ፣ ሠራ አልሠራም?"

ማስረሻን አየሁት። "አንድ መንገድ አለ" አለኝ፣ "ሮቶው ማማ ላይ እስኪወጣ ድረስ በሳሙና መሳቢያው በኩል በእጅ ማጠጣት ይቻላል። ቀሪውን ራሱ ይሠራዋል።"

ይህን ረቡዕ ቢነግረኝ ምን ነበር? ልቆጣው ጊዜ አልነበረኝም። የቄሱን ጆግ ተቀበልኩና ሞላሁት። እጀታውን ይዤ አነሣሁ። ጣቶቼ ግን አልተጨበጡም፤ ስንጥቁ ሁሉ አንድ ላይ ተከፈተ፣ እጄ ራሱን ለቀቀ። ጆጉ ወደቀ። ጠበሉ መሬት ላይ፣ የሰው ሁሉ እግር ሥር ፈሰሰ።

ገብረመድኅንን ለማየት ፈራሁ፤ ሽንት ቤት እንዳይገባ ሦስት ቀን የጠበቀው ውኃ በጫማችን ሥር ጭቃ ሆኖ ነበር። ቀና ስል ግን እሱ የሚያየው ጭቃውን አይደለም። እጄን ነው የሚያየው። ጣቶቼ ላይ ደም ነበር። በየማታው "እግዜር ይማርሽ" ሲለኝ በፋኖስ ብርሃን ነበር የሚያየው፤ በቀን ብርሃን ያየው ያን ጊዜ መሰለኝ።

ጭቃውን ረግጦ መጣ። ጆጉን አነሣ፣ አጠበው፣ ከሮቶው ሞላ። የማሽኑን መሳቢያ ሳበና ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ አፈሰሰ። ደግሞ ሞላ፣ ደግሞ አፈሰሰ። ነጠላው ከትከሻው ወደቀ፣ አላነሣውም። ቲጥ ቲጥ የሚለው ድምፅ ቆመ። ቧንቧዋ ጠፋች። የማሽኑ ሆድ አንድ ጊዜ ተገላበጠ፣ ቆመ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ፤ አንሶላዎቼ በመስታወቱ ውስጥ ተነሥተው ወደቁ። አሮጊቷ "ለቀቀው" አሉና እልል አሉ።

ጫኔ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። "እኔ ቃሌን ልናገር" አለ። "ሰው ቆሞ ውኃ የሚያፈስለት ከሆነ ይሄ ማሽን አይደለም፣ እንግዳ ነው። ልጫነው?"

"እንግዳ ከሆነ ይቀመጣል" አለ ገብረመድኅን ቀና ሳይል። "የኛ ሥራ ሆቴል ነው።"

ጫኔ ተሸካሚዎቹን ይዞ ወጣ። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ሰማነው። የኒሙ ሥር በድንጋይ ታጠረ፣ ሰልፉ እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ቄሱ ሌላ ዕቃ ፈልገው ማጥመቃቸውን ቀጠሉ። ጆጉ ባለቤቴ እጅ ላይ ነበርና ማንም ሊቀበለው አልደፈረም። ሮቶው ማማ ላይ የወጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማሽኑን ያጠጣው እሱ ነው፣ ሳይነገረው።

በዚያን ቀን ግን ማሽኑ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ጆጉ ውስጥ ጥቂት ተረፈ። ገብረመድኅን ወደ እኔ ዞረ።

"እጅሽን አምጪ" አለኝ።

በዚህ ቤት ከምግብ በፊት እንግዳውን ሁሉ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ፤ ማስታጠቢያ ይዤ ያልዞርኩለት ሰው የለም። እኔን ግን ያስታጠበኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም እንዲኖር አስቤ አላውቅም። እጄን ዘረጋሁለት። እንደ ትልቅ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አፈሰሰልኝ። ውኃው ስንጥቆቹ ውስጥ ሲገባ አቃጠለኝ። እጄን ግን አልሰበሰብኩም፤ ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ እንደዘረጋሁት ቆየሁ።